በሦስተኛው ጥሪ የሚመልሰው

ከሚዛን እስከ ቴፒ ባለው አገር እንደ እኔ የማይፈራ ወንድ የለም። ይህን የምለው እኔ አይደለሁም፣ ሰው ነው የሚለው፤ እሺ፣ አንድ ሰው ነው የሚለው፤ እሺ ይሁን፣ እኔው ነኝ የምለው። ግን እመኑኝ፣ ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ አማን ላይ ሬዲዮና ቴሌቪዥን ስጠግን የኖርኩ ሰው ነኝ፣ በዚህ ሥራ ላይ ይህን ያህል የቆየ ሰው ደግሞ በጅንም በጋኔንም በሙት መንፈስም አያምንም፣ ምክንያቱም ሰዎች «አንድ ነገር ገብቶበታል» እያሉ ያመጡልኝን ዕቃ ሁሉ ፈትቼ የገባበትን ነገር በዓይኔ አይቻለሁ። አንዲት እናት «ቴሌቪዥኔ ጠፍቶ እያለ ያለቅሳል» ብለው ጠበል ሊረጩበት ሲሉ ደርሼ የጀርባ ክዳኑን ብፈታው አራት የድመት ግልገሎች አወጣሁበት። ሌላ ደንበኛዬ ደግሞ ሟች አባቱ ሬዲዮው ውስጥ ሆነው እንደሚያስሉ ምሎ ተገዝቶ ነገረኝ፤ የድምፅ ማጉያው ወረቀት ተቀዶ ኖሮ በሙጫ ለጠፍኩትና አባትየውን አሳረፍኳቸው።

እንግዲህ ይህን የሚያጫውታችሁ እንዲህ ያለው ሰው ነው። ነገሩ ደግሞ በውድቅት ሌሊት የሆነ እንዳይመስላችሁ፣ በሌሊትማ ማን የማይፈራ አለ፤ የእኔው የሆነው ቅዳሜ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነው፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ምሳዬን ጥግብ አድርጌ በልቼ።

የጀመረው በእህቴ ልጅ በማርታ ነው። ማርታን ያሳደግኳት እኔ ነኝ፣ አባቷ ገና ድክ ድክ ስትል ሞተባት፣ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ሱቄ ውስጥ በተፈቱ ሬዲዮኖች መሀል ቁጭ ብላ ነበር የቤት ሥራዋን የምትሠራው። በሰባት ዓመቷ ሊድ በማቀልጥበት ካውያ ጣቷን አቃጠለች፣ በአሥር ዓመቷ እኔ ያበላሸሁትን መጠገን ጀመረች (ይህቺን ለደንበኞቼ እንዳትነግሩብኝ)፣ አሁን ደግሞ ዩኒቨርሲቲ ታስተምራለች፣ የሐይቆችን ሆድ ዕቃ ነው የምታጠናው። በዚያን ጊዜ ውጭ አገር የትምህርት ዕድል አግኝታ ነበር፣ ቲኬቷ ተቆርጧል፣ ሐሙስ ትበራለች፤ የቀራት ክሊራንስ ብቻ ነው። ክሊራንስ ምን እንደሆነ መሥሪያ ቤት ውስጥ ሠርታችሁ ከሆነ አላስረዳችሁም፣ ካልሠራችሁ ደግሞ ፈጣሪያችሁን አመስግኑ፤ ከቤተ መጻሕፍት እስከ ንብረት ክፍል አንድ ሰልፍ ሙሉ ሰው «ከእኛ የወሰደችው ዕቃ የለም» ብሎ ካልፈረመላት በቀር አውሮፕላኑ ደጃፏ ላይ ቢቆምም አትሄድም። በእሷ ፊርማ ከንብረት ክፍል የወጣችና ገና ያልተመለሰች አንዲት ዕቃ ብቻ ነበረች፣ እሷም ውሃ ውስጥ የምትሄድ ሮቦት ናት፣ ማክሰኞ መመለስ አለባት። ማርታ ግን «ከማስረከቤ በፊት አንድ ቅዳሜ ብቻ ልሥራባት፣ የዚያን ሐይቅ ወለል ሳልጨርስ ብሄድ እንቅልፍ አይወስደኝም» አለች።

ሮቦት ስትለኝ እጅና እግር ያላት፣ ምናልባትም ሰላም የምትል መስሎኝ ጸጉሬን አበጥሬ ነበር የጠበቅኳት። ሳጥኑ ሲከፈት ቢጫ፣ ባለ አራት ማዕዘን፣ ከላይ መያዣ ያላት ነገር ወጣች፣ ሃያ ሊትር የዘይት ጀሪካን ቁጭ! ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ስሟ ጀሪካኗ ሆነ፣ ማርታም መጀመሪያ ተቆጥታ በኋላ ራሷም እንደዚያው ጠራቻት።

«ጋሼ፣ ስማ እንግዲህ» አለችኝ፣ ልጅ ሳለች እኔ እንደማስረዳት አድርጋ፣ «ውሃ ውስጥ ብርሃን ሩቅ አይሄድም፣ ቅጠል በበሰበሰበት ሐይቅ ውስጥማ የገዛ ክንድህን አታየውም። ድምፅ ግን ይሄዳል፣ አየር ላይ ከሚሄደው ከአራት እጥፍ በላይ ይፈጥናል። ስለዚህ በጆሮ ነው የምናየው።»

«ታዲያ ይሄ የእኔ ሥራ ነዋ!»

«ያንተ ሥራ ባይሆን ለምን እጠራሃለሁ? የመኪና ባትሪ የሚሸከምልኝ ሰው ጠፍቶ ነው?»

(በኋላ እንደታየው፣ የመኪና ባትሪ የሚሸከም ሰው ጠፍቶ ነበር።)

መሣሪያው ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው ሶናር ይባላል፣ ድምፅ ይለቅና ተመልሶ የሚመጣለትን የገደል ማሚቶ ለቅሞ ሥዕል ያደርገዋል፤ ጠንካራ ነገር ሥዕሉ ላይ ያበራል፣ ከጀርባው ደግሞ ድምፁ ያልደረሰበት ቦታ ጥቁር ጥላ ሆኖ ይቀራል። ሁለተኛው ጀሪካኗ የት እንዳለች የሚያውቅ ነው፣ ሶፋ ሥር የገባ ስልካችሁን በሌላ ስልክ እየደወላችሁ እንደምትፈልጉት ማለት ነው። ጠሪው ከታንኳው በገመድ ውሃ ውስጥ ይንጠለጠላል፣ መላሹ ጀሪካኗ ጀርባ ላይ ነው፣ የራሱ ባትሪ አለው፤ ጠሪው አንዴ ይጠራል፣ መላሹ ወዲያው ይመልሳል፣ ላፕቶፑ መልሱ የፈጀውን ጊዜ ቆጥሮ «በዚህ በኩል፣ ይህን ያህል ሜትር ላይ ናት» ይላል። ድምፁ ለሰው ጆሮ የማይሰማ ቀጭን ስለሆነ መሣሪያው ራሱ አወፍሮ በጆሮ ማዳመጫ ያሰማናል፣ ጢው ይላል፣ እንደ ጫጩት።

«ባይመልስስ?» አልኳት።

«አይመልስም የሚባል ነገር የለም ጋሼ። ሲጠሩት ይመልሳል፣ በቃ። አይቆጥርም፣ አያስብም፣ እንደ አንተ አይኮራም።»

ቅዳሜ ጎሕ ሲቀድ ከአማን ተነስተን፣ በሸኮ አድርገን ቴፒ ቁርስ በላን፣ ከዚያም ጫካ ለጫካ ሄደን ሐይቁ ጋ ደረስን። ስሙን አልነግራችሁም፣ ነገ ሁላችሁም ሄዳችሁ ትጮሁበታላችሁ። የታንኳው ባለቤት ጋሽ ጴጥሮስ ዳር ላይ ቆመው ጠበቁን። ጋሽ ጴጥሮስ የሸኮ ሰው ናቸው፣ ዕድሜያቸውን ሙሉ ዛፍ ላይ ቀፎ ሰቅለው ማር ሲቆርጡ የኖሩ፣ ጸጉራቸው ሸብቶ ክንዳቸው ገና የጎረምሳ የሆነ ሰው። አማርኛን ካደጉ በኋላ ነው የለመዱት፣ ስለዚህ ወንዱንም ሴቱንም «አንቺ» ነው የሚሉት፤ እኔ ደግሞ ሸኮኛ የማውቀው ሦስት ቃል ነው፣ ሁለቱ ስድብ ናቸው፣ እሳቸው ናቸው ያስተማሩኝ፣ ሰላምታ ነው ብለው።

«አንቺ ወፍረሻል» አሉኝ ገና ሲያዩኝ። «ታንኳዬ ታለቅሳለች።»

ታንኳ የሚሉት ሁለት የተቦረቦረ ግንድ ጎን ለጎን በአጣና ተጣምሮ ነው። ያ ከላይ የነገርኳችሁ ደፋር ሰውዬ እግሩን አነሳና መልሶ መሬት ላይ አሳረፈው፣ ምክንያቱም ዋና የምችለው እንደ ወፍጮ ድንጋይ ነው። ማርታ የመንሳፈፊያ ጃኬት ሰጠችኝ፣ የሷንም ጨምሬ ሁለቱን ደራረብኩ፣ በመጨረሻም ጋሽ ጴጥሮስ ብብቴ ሥር ገብተው እንደ ቡና ጆንያ አንስተው መሀል ላይ አስቀመጡኝ።

ጠዋቱ ግን እንዴት ደስ ይል ነበር! ጀሪካኗ ረጅሙን ሽቦዋን እየጎተተች ትጠልቃለች፣ ላፕቶፑ ላይ የሐይቁ ወለል በብርቱካንማ ቀለም ቀስ እያለ ይሣላል፣ ከዳር እየወደቁ የገቡ ዛፎች ከነቅርንጫፋቸው ተጋድመው ይታያሉ። ጋሽ ጴጥሮስ ሥዕሉን አጎንብሰው አይተው «ይቺ ዋንዛ ናት» አሉ፣ «እኔ ልጅ ሆኜ ነው የወደቀችው፣ አባቴ ቀፎ ነበረው እላይዋ፣ ከነማሩ ገባች» አሉና ማያ ገጹን በጣታቸው ነካ አደረጉት፣ የድሮ ጎረቤት ትከሻ መታ እንደማድረግ። ማርታ ዓይኗ እንባ አቀረረ፣ እኔ «ማሩ እስካሁን ይኖር ይሆን?» ብዬ አበላሸሁት።

ምሳ በልተን ተመለስን። ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ሽቦው በድንገት ተወጠረ፣ ታንኳው ወደ እኔ በኩል ዘመም አለ፣ እኔም ምን እንዳልኩ አላስታውስም፣ ማርታ ግን «የእናትህን ስም ነው የጠራኸው» ትላለች። ሽቦው ወዲያው ላላ። ማርታ ስትጎትተው ቀሎ መጣ፣ ቀሎ መጣ፣ በመጨረሻም የተበጠሰው ጫፍ እጇ ላይ ወጣ፣ ላፕቶፑ ላይ የነበረው ሥዕልም ጠፋ። ጀሪካኗ ከቀረው ሽቦዋ ጋር እታች ቀረች።

ማርታ ያን ጫፍ ይዛ ቀና አለች። ያን ፊት አውቀዋለሁ፣ ያኔ ጣቷን ያቃጠለች ቀን ያየሁት ፊት ነው፣ ላልቅስ ብሎ ግን እምቢ የሚል ፊት። ማክሰኞ ንብረት ክፍል፣ ሐሙስ አውሮፕላን፣ ሁሉም እዚያ ጥቁር ውሃ ሥር ተቀምጧል።

«ችግር የለም» አለች ለራሷ። «ግንድ ላይ ተይዛ ነው የቀረችው። መላሹ የራሱ ባትሪ አለው፣ እስከ ማታ ይሠራል። ያለችበትን ካወቅን በመንጠቆ እናወጣታለን። ጋሼ፣ ማዳመጫውን አንተ አድርግ፣ ካንተ ጆሮ አያመልጥም።»

ጠሪውን ውሃ ውስጥ ሰደደችውና ላፕቶፑ ላይ የጥሪውን ቁልፍ ተጫነች። ጢው፣ የእኛ ጥሪ ሲሄድ ሰማሁት። መልስ የለም። እንደገና ተጫነች። መልስ የለም። ማርታ ከንፈሯን ነከሰች፣ ሦስተኛ ተጫነች፣ ይኼኔ ከታች ጢው አለ። ላፕቶፑ «ሠላሳ ስምንት ሜትር» አለ። ጮህኩ፣ ታንኳው ተወዛወዘ፣ ጎኑን ጨብጬ ቁጭ አልኩ።

ማርታ አቅጣጫውን ለማረጋገጥ ደግማ ጠራች። የለም። ጠራች። የለም። በሦስተኛው ጢው። እንደገና፣ የለም፣ የለም፣ ጢው። እንግዲህ ሃያ ስድስት ዓመት የተበላሸ ዕቃ ሲያወራ የሰማሁ ሰው ነኝ፣ የተበላሸ ዕቃ እንደ ሰካራም ነው፣ አንዴ ይናገራል፣ አምስቴ ዝም ይላል፣ ሁለቴ ይናገራል፤ እንዲህ ሥርዓት ይዞ የሚበላሽ ዕቃ አይቼ አላውቅም።

«ላይኛው ውሃ ሞቃት፣ ታችኛው ቀዝቃዛ ስለሆነ ድምፁ መሀል ላይ ይታጠፋል» አለች ማርታ። «ወይም ግንዶቹ እየከለሉት ነው።»

«ግንዶቹ እስከ ሦስት ይቆጥራሉ?»

«ጋሼ፣ እባክህ አሁን አትቀልድ።»

ልጅቷ እውነቷን ነው። ያኔ ነው ጋሽ ጴጥሮስ መቅዘፊያቸውን ጉልበታቸው ላይ አጋድመው የተናገሩት።

«ሦስተኛ ላይ ነው የምትመልሰው?»

«አዎ» አልኳቸው።

«ትክክል ናት። እኛ ጫካ ውስጥ ማር ስንቆርጥ አንዱ ከሌላው ይርቃል፣ አይተያይም፣ ስለዚህ ይጣራል። አንዴ ቢጠሩሽ አትመልሺም። ሁለቴ ቢጠሩሽ አትመልሺም። ሦስቴ ከጠሩሽ ሰው ነው፣ ያኔ ትመልሻለሽ። ያኛው ከሁለት በላይ አይጠራም።»

«ያኛው ማን ነው?»

«ስሙን እዚህ ውሃ ላይ ልንገርሽ?»

«ይቅርብኝ» አልኩ፣ ምን አስቸኮለኝ። ግን ምላሴ አርፎ አይቀመጥምና «ታዲያ እታች ያለው ማር ቆራጭ ነው ማለት ነዋ» ብዬ ሳቅኩ።

ጋሽ ጴጥሮስ አልሳቁም። «እኔ እንጃ» አሉ። «ግን እሷ ናት እኛን የፈራችው። እኛ ያኛው እንዳንሆን ነው ሦስት የምትጠብቀው።»

እመኑኝ፣ ሳቄ አፌ ውስጥ ቀረ። እስከዚያች ደቂቃ ድረስ እኛ ላይ ሆነን ታች ያለውን የምንፈልግ ሰዎች ነበርን፤ ከዚያ በኋላ ግን ቤቱ ሆኖ በሩን የሚያንኳኳው ማን እንደሆነ የሚያዳምጥ ሌላ አለ የሚለው ሐሳብ ከጭንቅላቴ አልወጣ አለ።

ማርታ ሳይንቲስት ናት፣ ፈተና ማድረግ ትወዳለች። ሁለት ጊዜ ጠራችና እጇን ከቁልፉ ላይ አነሳች። ጠበቅን። ሰዓቴን አየሁ፣ አሥር ደቂቃ ሙሉ ጠበቅን፣ ወፍ እንኳ አልጮኸም፣ ውሃው እንደ መስታወት ረግቷል። ከዚያ አንዴ ተጫነች። ጢው፣ ወዲያው፣ እንደ አንድ ሰው ትንፋሹን ይዞ ሲጠብቅ ቆይቶ «እህ፣ እንኳን ጨረሳችሁ» እንደሚል።

«መላሹ አይቆጥርም» አለች ማርታ በቀስታ፣ ማንንም ሳታይ።

ላፕቶፑ አሁን «ሠላሳ አንድ ሜትር» ነበር ያለው።

«ሠላሳ ስምንት አልነበረም እንዴ?»

«ተንቀሳቅሳለች።»

«ግንድ ላይ ተያዘች አላልሽም?»

«ብያለሁ።»

በሚቀጥለው ሦስተኛ ጥሪ ሃያ ሁለት። ማርታ ይህን ጊዜ ለታንኳው ብላ ያመጣቻትን ሌላ ትንሽ ሶናር በዱላ ጫፍ ውሃ ውስጥ ሰደደችና አዞረቻት፣ ሥዕሉ እንደ ሰዓት ቆጣሪ እየዞረ ይሞላ ጀመር። መጀመሪያ ዋንዛዋ ታየች፣ ከዚያ ከእሷ ወዲህ ትንሽ፣ የምታበራ፣ ባለ አራት ማዕዘን ነገር ታየች፣ ከጀርባዋ ጥላዋ አለ። «ጀሪካኗ!» አልኩ። ማርታ ግን ደስ አላላትም፣ ጣቷን ከጀሪካኗ ጎን አደረገች። እዚያ ሌላ ጥላ ነበር። ረጅም፣ ቀጭን፣ ከላይ ክብ ነገር ያለው፣ እንደተቀመጠ ነገር ወገቡ ላይ የታጠፈ። ቅድም ነግሬያችኋለሁ፣ ጥላ ካለ ከፊቱ የሚያበራ ጠንካራ ነገር መኖር አለበት፣ ይህኛው ግን ከፊቱ ምንም አልነበረውም። ጥላው አለ፣ ባለቤቱ የለም።

ሥዕሉ ዞሮ እንደገና ሲሣል ጥላው ከጀሪካኗ በዚያኛው ጎን ነበር። በሦስተኛው ዙር ጠፋ፣ ጀሪካኗ ብቻዋን ቀረች፣ ግን ወደ ዳር ተጠግታ።

ጋሽ ጴጥሮስ ይህን አይተው ኮፍያቸውን አውልቀው ጉልበታቸው ላይ አደረጉና ወደ ውሃው አንገታቸውን ዝቅ አደረጉ፣ መንገድ ላይ ትልቅ ሰው ሲያገኙ እንደሚያደርጉት። እኔ ኮፍያ ስለሌለኝ አንዱን የመንሳፈፊያ ጃኬት ላወልቅ አስቤ ተውኩት።

«ልንከተላት ነው» አለች ማርታ። ምን ዓይነት ልጅ እንዳሳደግኩ እዩልኝ። ሦስቴ እየጠራን፣ በሦስተኛው መልስ እየተቀበልን፣ ጋሽ ጴጥሮስ ቀስ እያሉ እየቀዘፉ ተከተልናት፤ እኛ ስንጠጋ እሷ ትንሽ ትቀድመናለች፣ ስንዘገይ ትቆማለች፣ የአካባቢው ሰው መንገድ ለጠፋበት እንግዳ ቀድሞ እየሄደ እንደሚመራው። እንዲህ እያልን ቄጤማው ድረስ ሄድን።

ጀሪካኗ እዚያ ነበረች። ጉልበት በማይደርስ ውሃ ውስጥ፣ ቄጤማ መሀል፣ ቀጥ ብላ ተቀምጣ። የተረፈው ሽቦዋ ደግሞ ተጠቅልሎ ላይዋ ላይ ተቀምጧል፣ እንዲያው ክምር ብሎ አይደለም፣ በእኩል በእኩል ተጠምጥሞ፣ ጫፉ መሀሉ ውስጥ ገብቶ።

ማርታ ከነጫማዋ ዘላ ወረደችና ጀሪካኗን አቀፈቻት፣ ሳመቻት፣ ጭቃው ሁሉ አገጯ ላይ፣ እየሳቀችም እያለቀሰችም «ጋሼ፣ ተገኘች! ጋሼ፣ ልሄድ ነው!» ትላለች። እኔም ከታንኳው ሳልወርድ አለቀስኩ፣ በሁለት ጃኬት ውስጥ ማልቀስ እንዴት እንደሚያስቸግር አትጠይቁኝ። ጋሽ ጴጥሮስ ግን ሽቦውን ነው የሚያዩት።

«ሞገድ ጠቅልሎት ይሆናል» አልኳቸው።

«ሞገድ ክርን የላትም» አሉኝ። «ይሄ ከክርን እስከ መዳፍ ነው። የእኛ አጠቃለል ነው፣ ዛፍ ስንወጣ መጫኛውን እንደዚህ ነው የምናደርገው።» ከዚያ እጃቸውን ዘርግተው አሳዩኝ፣ «እኔ አይደለሁም» አሉ፣ ማንም ሳይጠይቃቸው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እየመጣሁላችሁ ነው።

ማርታ መላሹን ከጀሪካኗ ጀርባ ፈትታ አጠፋችውና ኪሷ ከተተችው። ከዚያ ከጋሽ ጴጥሮስ ጋር ጀሪካኗን በሁለት በኩል ይዘው፣ እየተሳሳቁ፣ ዳገቱን ወደ መኪናው ይዘዋት ወጡ። «ጋሼ፣ አንተ ዕቃውን ሰብስብ!» አለችኝ ዞራ። ታንኳው ውስጥ ብቻዬን ቀረሁ፣ ጠሪው ገና ውሃ ውስጥ ተንጠልጥሏል፣ ማዳመጫው ጆሮዬ ላይ ነው፣ ላፕቶፑ ጭኔ ላይ። ፀሐይዋ ጀርባዬን ታሞቀኛለች። ከላይ የማርታ ሳቅ ይሰማኛል።

ከዚያ በማዳመጫው ውስጥ ጢው አለ።

እጄን አየሁ፣ ቁልፉን አልነካሁም። የገደል ማሚቶ ነው አልኩ፣ የቅድሙ ጥሪያችን የሆነ ቦታ ሲንከራተት ቆይቶ፣ ምን አውቃለሁ። ትንሽ ቆየና እንደገና ጢው አለ። ድምፁ የእኛን ይመስላል፣ ግን የእኛ አይደለም፣ የሰው ዜማ ሰምቶ በሚችለው አፍ እንደሚደግም ዓይነት፣ ጫፉ ላይ ትንሽ ከፍ የሚል፤ በዚህ ጆሮዬ ስንት ድምፅ ማጉያ አክሜያለሁ፣ ልዩነቱን አውቃለሁ። ሁለት ነው አልኩ በልቤ፣ ጋሽ ጴጥሮስ ያኛው ከሁለት በላይ አይጠራም ብለዋል፣ እንግዲህ እዚህ ላይ ያበቃል፣ እኔም አልመልስም።

እግዜር ያሳያችሁ፣ ያኔ የምጠብቀው ዝም እንዲል ነበር። ዝም ቢል ያኛው ነው ማለት ነው፣ ያኛው ቢሆን ግን ቢያንስ ምን ማድረግ እንዳለብኝ ተነግሮኛል።

ማርታ ከላይ «ጋሼ! ምን ሆነህ ነው የቆየኸው?» አለች። እኔም ሶኬቱን ከላፕቶፑ ነቀልኩ፣ ጠሪውን ከውሃው ጎትቼ አወጣሁ፣ «ምንም! እየሰበሰብኩ ነው!» አልኳት፣ እንደ ወጣት ዘልዬ ከታንኳው ወረድኩ፣ እስከ ወገቤ ጭቃ ውስጥ ገባሁ፣ ጋሽ ጴጥሮስ መጥተው አወጡኝ።  እጄን ከሚያስፈልገው በላይ ይዘውኝ ቆዩ።

ማክሰኞ የንብረት ክፍሉ ሰውዬ ጀሪካኗን ገልብጦ አየና «ጭቃ አላት» ብሎ ፈረመ። ሐሙስ ማርታ በረረች። ሱቁ ጭር ብሎብኛል፣ ያበላሸሁትን የሚጠግንልኝ የለም፣ ግን ደስታዬ ልክ የለውም፣ ለሚመጣ ደንበኛ ሁሉ ፎቶዋን አሳያለሁ፣ ያላየ ሬዲዮው አይሠራለትም።

ባለፈው ወር ደወለችልኝ። የዚያን ቀን ቅጂ እያየች ነበር፣ ለካ መሣሪያው የሰማውን ሁሉ ይቀዳል።

«ጋሼ፣ ከመጨረሻው ጥሪያችን በኋላ ሌላ ጥሪ አለ። መላሹ ያኔ ጠፍቶ ኪሴ ውስጥ ነበር፣ እኛ ደግሞ ዳገቱ ላይ ነበርን። ከታች ወደ ታንኳው የመጣ ነው። ማዳመጫው አንተ ጋ ነበር። የሰማኸው ነገር አለ?»

«ኔትወርኩ ይቆራረጣል» አልኳት።

«በደንብ ነው የምትሰማኝ። ስንት ጊዜ እንደተጠራ እኮ እዚህ ላይ ይታያል።»

«ብርድ እንዳይመታሽ፣ ካልሲ አድርጊ» ብዬ ዘጋሁት።

ከዚያ ወዲህ ጋሽ ጴጥሮስን ቴፒ ገበያ ላይ ሁለቴ አግኝቻቸዋለሁ፣ ማር ሸጠውልኛል፣ ወፍረሻል ብለውኛል፣ ስቀናል። አንድ ጥያቄ ልጠይቃቸው አፌ ላይ ይደርስና እመልሰዋለሁ፦ ሁለት ጠርቶ የሚተወው ያኛው ከሆነ፣ ሦስት ጊዜ ተጠርቶ የማይመልሰውስ ምን ይባላል? እታች ያለው፣ የልጄን ዕቃ ተሸክሞ አምጥቶ፣ ሽቦዋን ጠቅልሎ የሰጠን፣ እንደ ሥርዓቱ አድርጎ ጠይቆን ስለ እኛ ምን ብሎ ይሆን ወደ ቤቱ የተመለሰው?

ሦስት ጊዜ ነበር የጠራው። ሦስተኛውን ከሁለቱ ይበልጥ አጥርቼ ሰምቼዋለሁ፣ ቁልፉ ከጣቴ ሥር ነበር፣ አንዴ መጫን ብቻ ነበር የሚበቃው። ፈራሁ። ሶኬቱን የነቀልኩት ከሦስተኛው በኋላ ነው፣ ያሳደግኳትንም ልጅ እስከ ዛሬ ዋሽቻታለሁ።